በዋጋው ወረቀት ላይ የማይጻፈው ሒሳብ
በአሜሪካ የሽያጭ ታክስ እንዴት ይሰላል? ለቤተሰብና ለባለሱቅ



ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ የሄደን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ከሚያጋቡት ነገሮች አንዱ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ዋጋና ገንዘብ ተቀባይዋ የምትጠይቀው ዋጋ አለመመሳሰሉ ነው። ዕቃው ላይ 10 ዶላር ተጽፎ ሳለ 10 ዶላር ከ60 ሳንቲም ክፈል ይባላል። አንዳንዱ የተጭበረበረ መስሎት ይከራከራል። ሌላው አፍሮ ዝም ብሎ ይከፍልና ይወጣል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ብዙዎቻችን ያቺን ጭማሪ ከደረሰኙ ግርጌ አይተን እናልፋታለን እንጂ ከየት እንደመጣች፣ ለምን በአንዱ ዕቃ ላይ ኖራ በሌላው ላይ እንደማትኖር አንጠይቅም።

ጭማሪዋ የሽያጭ ታክስ ትባላለች። ነገሩ የሳንቲም ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ከደመወዙ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ለወላጆቹ ልኮ፣ በተረፈው አስቤዛ ለሚገዛ ቤተሰብ ሳንቲሞቹ በወር ሲደመሩ የሚታዩ ገንዘብ ናቸው። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለከፈተ ወንድም ወይም እህት ደግሞ ይህን ሒሳብ አለማወቅ ድርጅትን እስከመዝጋት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ሒሳቡን ከመሠረቱ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ኢንሻአላህ።

ከአገር ቤቱ በምን ይለያል?

በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተለምዶ ቫት የምንለው፣ በመላ አገሪቱ አንድ መጠን አለው፤ 15 በመቶ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ደሴ፣ ጅማም ሆነ ሐረር መጠኑ አይለወጥም። ታክሱም ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው በየደረጃው ይሰበሰባል።

አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የላትም። ጉዳዩ ለየስቴቱ የተተወ ነው። ስቴቶቹ ወደዚህ ታክስ በብዛት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ የቤትና የመሬት ግብር መክፈል ስላቃተው ካዝናቸው ተራቆተ፤ ከዕለት ግብይት ላይ ጥቂት ሳንቲም መሰብሰብም እንደ መውጫ ታየ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር በዚያው ቀረ። ዛሬ 45 ስቴቶችና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሱን ይሰበስባሉ። በስቴት ደረጃ የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አምስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም አላስካ፣ ዴላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ኦሬገን ናቸው።

በዚህ ብቻ አያበቃም። በብዙ ስቴቶች ውስጥ ካውንቲዎችና ከተሞች በስቴቱ መጠን ላይ የራሳቸውን ይደርባሉ። በሰሜን ቨርጂንያ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በአሌክሳንድርያ፣ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ፣ የስቴቱ 4.3 በመቶ፣ የአካባቢው 1 በመቶ እና ለመጓጓዣ የተጨመረው የክልሉ 0.7 በመቶ ተደምሮ 6 በመቶ ይሆናል። በቴክሳስ የስቴቱ 6.25 በመቶ ሲሆን አካባቢዎች ሁሉ ተደምረው ከ2 በመቶ በላይ መጨመር አይፈቀድላቸውም፤ በዳላስና በሂውስተን 8.25 በመቶ የሚከፈለው ለዚህ ነው። በኒውዮርክ ከተማ የስቴቱ 4፣ የከተማው 4.5 እና ለሕዝብ መጓጓዣ የሚውለው 0.375 ተደምሮ 8.875 በመቶ ይደርሳል። በሚኒያፖሊስ ደግሞ የስቴቱ 6.875 በመቶ ላይ የከተማው፣ የካውንቲውና የአካባቢው ጭማሪዎች ተደርበው ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ጀምሮ 9.025 በመቶ ሆኗል። ሜሪላንድ በአንጻሩ ቀላል ናት፤ አጠቃላዩ መጠን በመላ ስቴቱ 6 በመቶ ነው፤ ካውንቲዎች የራሳቸውን አይደርቡም።

ከሁሉ በፊት ሦስት ጥያቄ

እንግዲህ ማንኛውም ሰው የታክሱን ሒሳብ ለማወቅ ሲፈልግ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይጠይቅ።

አንደኛ፦ የት ነው የምገዛው? መጠኑን የሚወስነው ቦታው ነውና። በመንገድ ማዶ ያለው ሱቅ በሌላ ከተማ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፦ የምገዛው ምንድን ነው? አንዳንዱ ዕቃ ሙሉ ታክስ፣ አንዳንዱ የተቀነሰ ታክስ አለበት፤ አንዳንዱ ፈጽሞ የለበትም።

ሦስተኛ፦ ታክሱ የሚታሰበው በየትኛው ዋጋ ላይ ነው? ቅናሽ ካለ ከቅናሹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ የቀረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ማባዛት ነው።

ዘካን ማስላት ለሚያውቅ ልጅ አዲስ አይደለም

በመድረሳ ውስጥ ልጆቻችን የገንዘብ ዘካ ከመቶ ሁለት ተኩል መሆኑን ይማራሉ። አንድ ሺህ ዶላር ላይ 25 ዶላር እንደሚወጣ የሚያውቅ ልጅ የሽያጭ ታክስንም በዚያው መንገድ ያገኛል። ከመቶ 6 ማለት ለእያንዳንዱ ዶላር 6 ሳንቲም ማለት ነው። የዕቃው ዋጋ 35 ዶላር ከሆነ 35 በ6 ሲባዛ 210 ሳንቲም፣ ማለትም 2 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይመጣል። በአንድ ጊዜ ጠቅላላውን ለማግኘት የሚፈልግ 35ን በ1.06 ያባዛ፤ 37 ዶላር ከ10 ሳንቲም ይሆናል።

መጠኑ 8.25 ከሆነ በመጀመሪያ የመቶ ስምንቱን አውጡ፤ ከዚያ ሩብ ሳንቲም በየዶላሩ ጨምሩ። ለ40 ዶላር ዕቃ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲምና 10 ሳንቲም፣ በድምሩ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። ውጤቱ ከሳንቲም በታች ሽርፍራፊ ካመጣ፣ በተለመደው አሠራር ግማሽና ከግማሽ በላይ የሆነው ወደ ላይ ይጠጋጋል፤ ከግማሽ በታች የሆነው ይጣላል። 12 ዶላር ከ99 በ6 በመቶ ሲሰላ 77.94 ሳንቲም ስለሚሆን 78 ሳንቲም ይከፈላል።

ሒሳቡን ወደ ኋላ መሥራትም ይጠቅማል። በእጃችሁ 50 ዶላር ብቻ ቢኖርና ታክሱ 6 በመቶ ቢሆን፣ የምትችሉትን ዋጋ ለማግኘት 50ን ለ1.06 አካፍሉ፤ 47 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ልጅን ገንዘብ አስይዞ ሱቅ የሚልክ ወላጅ ይህን ካስተማረው ልጁ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቆሞ ዕቃ ከመመለስ ኀፍረት ይድናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ እናስታውስ። ያስተያየናቸው ስሌቱን ብቻ ነው። የሽያጭ ታክስ ለመንግሥት የሚከፈል ነው፤ ዘካ ደግሞ የታወቁ ባለመብቶች ያሉት ዒባዳ ነው። ታክስ ከፍያለሁ ብሎ ዘካን መተው አይቻልም።

አንድ ዘንቢል፣ ሦስት ዓይነት ታክስ

አሁን በአሌክሳንድርያ የምትኖር አንዲት እናት ቅዳሜ ለገበያ ወጣች እንበል። የገዛቻቸው አራት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው።

የመጀመሪያው አስቤዛ ነው፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ጥሬ የሐላል ሥጋ፣ በድምሩ 64 ዶላር። ቨርጂንያ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለቤት በሚገዛ ምግብ ላይ የነበረውን የስቴት ታክስ አንሥታለች፤ የቀረው የአካባቢው 1 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ታክሱ 64 ሳንቲም ነው።

ሁለተኛው የሕፃን ዳይፐር ነው፤ 25 ዶላር። ይህም በዚያው ሕግ ከምግብ ጋር ስለተመደበ 1 በመቶ፣ ማለትም 25 ሳንቲም ብቻ ይታሰብበታል።

ሦስተኛው ሳሙናና አንድ ድስት ነው፤ 38 ዶላር ከ50። እነዚህ ሙሉው 6 በመቶ አለባቸው፤ 2 ዶላር ከ31 ሳንቲም።

አራተኛው ለምሳ የገዛችው ትኩስ የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ 12 ዶላር። ምግብ ነው፤ ግን ተዘጋጅቶ ለመበላት የቀረበ ስለሆነ እንደ አስቤዛ አይቆጠርም። 6 በመቶው አለበት፤ ከዚያ በላይ የአሌክሳንድርያ ከተማ በተዘጋጀ ምግብ ላይ የጣለችው 5 በመቶ ይደረባል። በድምሩ 11 በመቶ፣ 1 ዶላር ከ32 ሳንቲም ይሆናል።

ሲደመር የዕቃው ዋጋ 139 ዶላር ከ50፣ ታክሱ 4 ዶላር ከ52፣ ጠቅላላው 144 ዶላር ከ2 ሳንቲም ነው። እናታችን «ታክስ 6 በመቶ ነው» የሚለውን ብቻ ይዛ ሁሉንም በአንድነት ብታሰላ 8 ዶላር ከ37 ሳንቲም ታክስ ትጠብቅ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠውን መጠን ያመጣው ደግሞ ጥሬው ሥጋ ሳይሆን ተጠብሶ የተገዛው ዶሮ መሆኑን ልብ በሉ። ቤት ውስጥ ማብሰል በዋጋም በታክስም ይቀንሳል የምንለው ለዚህ ነው።

ይህችው እናት ወንዙን ተሻግራ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ብትገዛ፣ አስቤዛው ታክስ የለውም፤ ትኩሱ ዶሮ ግን 6 በመቶ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት ብትበላ ደግሞ 10 በመቶ ይጠብቃታል። ሦስቱም ቦታ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው።

አንድ ነገር እንጨምር። ምግብ በፉድ ስታምፕ ሲገዛ፣ በፌዴራል ሕግ መሠረት በዚያ በተከፈለው ላይ የሽያጭ ታክስ አይጨመርም። ከላይ ያየነው አስቤዛ በሙሉ በዚህ ቢከፈል 64ቱ ሳንቲም አይኖርም። ደረሰኙ ላይ ቢታይ መጠየቅ መብት ነው።

የዒድ ልብስ የሚገዛ ሰው ይህን ይወቅ

ዒድ ሲደርስ ቤተሰብ ሁሉ ለልጆች ልብስና ጫማ ፍለጋ ይወጣል። በዚህ ረገድ ስቴቶቹ እጅግ ይለያያሉ። በሚኒሶታ ተራ የሚለበስ ልብስ ታክስ የለበትም። በሰሜን ቨርጂንያና በሜሪላንድ እንደማንኛውም ዕቃ 6 በመቶ ይከፈልበታል።

በኒውዮርክ ከተማ እያንዳንዱ ልብስ ወይም ጫማ ዋጋው ከ110 ዶላር በታች ከሆነ ታክስ የለበትም። ነገር ግን አንድ ካፖርት 120 ዶላር ከሆነ ታክሱ የሚታሰበው በትርፉ 10 ዶላር ላይ ሳይሆን በሙሉው 120 ዶላር ላይ ነው፤ 10 ዶላር ከ65 ሳንቲም። በማሳቹሴትስ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው፤ እስከ 175 ዶላር ነጻ ሲሆን 6.25 በመቶው የሚታሰበው ከዚያ በሚያልፈው ላይ ብቻ ነው። 200 ዶላር የሚያወጣ ካፖርት ላይ በ25 ዶላር ብቻ ታስቦ 1 ዶላር ከ56 ሳንቲም ይከፈላል።

በቴክሳስ በየዓመቱ በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ዶላር በታች የሆኑ ልብሶች፣ ጫማዎች፣ የተማሪ ቦርሳዎችና የትምህርት ዕቃዎች ለጥቂት ቀናት ያለ ታክስ ይሸጣሉ። ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ቀኖቹን ጠብቆ መግዛት 8.25 በመቶ ማትረፍ ነው። ነገር ግን ታክስ የለም ተብሎ የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ትርፍ አይደለም፤ ብክነት ነው።

ቅናሽ፣ ጉርሻና በኢንተርኔት መግዛት

ሱቁ ራሱ ዋጋ ከቀነሰ ታክሱ የሚታሰበው በተቀነሰው ዋጋ ላይ ነው። የ20 ዶላር ዕቃ በ15 ከተሸጠ በ15ቱ ላይ ይከፈላል። ኩፖኑ የአምራቹ ፋብሪካ ከሆነ ግን፣ ፋብሪካው ለሱቁ ልዩነቱን ስለሚተካ፣ በብዙ ስቴቶች ታክሱ በሙሉው 20 ዶላር ላይ ይሰላል። «ቅናሽ አግኝቼ ታክሱ ለምን አልቀነሰም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ምግብ ቤት ውስጥ ደንበኛ በፈቃዱ የሚተወው ጉርሻ ታክስ የለበትም። ቤቱ ራሱ በግዴታ የሚጨምረው የአገልግሎት ክፍያ ግን በብዙ ስቴቶች ታክስ ይታሰብበታል። የቤንዚን ማደያ ላይ የሚታየው ዋጋ ደግሞ ከሱቁ በተቃራኒ ታክሱን አካትቶ የሚጻፍ ነው።

በኢንተርኔት ስለሚገዛ ዕቃም ብዙዎች «ታክስ የለውም» የሚል የቆየ ወሬ ይዘዋል። ይህ ዛሬ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሳውዝ ዳኮታ ዌይፌር በተባለው ኩባንያ ላይ ባቀረበችው ክርክር፣ ስቴቶች በግዛታቸው ሱቅም መጋዘንም የሌለውን ሻጭ ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ እንደሚችሉ ወሰነ። ስለዚህ አሁን ከሌላ ስቴት የሚላክ ዕቃ ላይ ታክሱ በአብዛኛው የሚታሰበው ዕቃው በሚደርስበት አድራሻ መጠን ነው። የፖስታ ቁጥር ብቻ በቂ እንዳልሆነም እወቁ፤ አንድ ዚፕ ኮድ ሁለት የታክስ ክልል ሊያካልል ይችላል። ትክክለኛው መጠን የሚገኘው ሙሉ አድራሻን አስገብቶ የስቴቱን የግብር መሥሪያ ቤት መረጃ በመመልከት ነው። መጠኖቹም ስለሚለዋወጡ በየጊዜው ማየት ይገባል።

ታክስ ወደሌለባት ዴላዌር ወይም ኦሬገን ሄዶ ዕቃ ገዝቶ መመለስስ? በሱቁ ታክስ አይጠየቅም፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ወደሚኖሩበት ስቴት ገብቶ ጥቅም ላይ ሲውል የመጠቀሚያ ታክስ የሚባል ተመሳሳይ ግዴታ አለ። መኪና ከሆነ ደግሞ ማምለጫ የለውም፤ ታርጋ ሲወጣ ይጠየቃል።

ባለሱቅ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ይህ አማና ነው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገዢው ነው። ከባዱ ጉዳይ ግን ያለው በሻጩ በኩል ነው።

ባለሱቁ ዕቃ ከአከፋፋይ ሲገዛ፣ መልሶ የሚሸጠው መሆኑን በማስረጃ ካሳየ ታክስ አይከፍልም። ታክሱ የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻው ገዢ ነው። ስለዚህ ከደንበኛው የተቀበለው የታክስ ገንዘብ ትርፍም ዋጋም አይደለም። የደንበኛው ገንዘብ ነው፤ ለመንግሥት እንዲያደርስ በእጁ ተቀምጧል። በብዙ ስቴቶች ሕጉ ራሱ ይህን ገንዘብ በአደራ የተያዘ ይለዋል። እኛም በዲናችን ለዚህ ቃል አለን፤ አማና እንለዋለን።

ችግሩ የሚጀምረው ገንዘቡ ከሱቁ ገቢ ጋር በአንድ መሳቢያ ሲቀመጥ ነው። በወር የ30,000 ዶላር ታክስ ያለበት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ፣ በ6 በመቶ 1,800 ዶላር ይሰበስባል። ኪራይ ሲደርስ ከዚያ ይከፈላል፤ አገር ቤት የታመመ ዘመድ ሲኖር ከዚያ ይላካል፤ «በሚቀጥለው ወር እተካለሁ» ይባላል። በሦስት ወር 5,400 ዶላር ይሆናል። ከዚያ ቅጣትና ወለድ ይከተላል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፣ ድርጅቱ ኩባንያ ሆኖ የተመዘገበ ቢሆንም እንኳ፣ በብዙ ስቴቶች ይህ ዕዳ ኃላፊነት በነበረው ሰው የግል ንብረት ላይ ሊመጣ የሚችል መሆኑን ነው። ሱቁ ቢዘጋም ዕዳው አብሮ አይዘጋም። በመጨረሻ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

ሽያጭ ከመጀመራችሁ በፊት በስቴቱ ተመዝገቡ። ለታክሱ ብቻ የሚሆን ሌላ የባንክ ሒሳብ ክፈቱና በየሳምንቱ የተሰበሰበውን ወደዚያ አዛውሩ። የማስታወቂያ ቀኑን አትርሱ፤ በቨርጂንያ፣ በሜሪላንድና በቴክሳስ በአብዛኛው በሚቀጥለው ወር 20ኛው ቀን ነው። ሽያጭ ያልነበረበት ጊዜም ቢሆን ባዶ መሆኑን ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ካሽ ሬጂስተሩ ላይ አስቤዛውን፣ ትኩስ ምግቡንና ሌላውን ዕቃ ለይታችሁ አስገቡ። አስቤዛ ላይ ሙሉ ታክስ ማስከፈል ደንበኛን መበደል ነው፤ ትኩስ ምግብን እንደ አስቤዛ መሸጥ ደግሞ በምርመራ ጊዜ ከኪስ ያስከፍላል።

ታክሱን ከጠቅላላው ውስጥ ስታወጡ በትክክል አካፍሉ። በመሳቢያው ታክስን ጨምሮ 10,600 ዶላር ካለና መጠኑ 6 በመቶ ከሆነ፣ ለ1.06 ሲካፈል ሽያጩ 10,000፣ ታክሱ 600 ዶላር ነው። 10,600ን በ6 በመቶ ያባዛ ሰው 636 ያገኝና ከራሱ 36 ዶላር ይጨምራል።

ለሽያጭ ተብሎ ያለ ታክስ የተገዛን ዕቃ ለቤታችሁ ከወሰዳችሁ ታክሱን እናንተ ትከፍላላችሁ፤ መዝግቡት።

«በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ታክሱን ልተውልህ» የሚለውን አነጋገር ተዉት። ደንበኛም ቢሆን አይጠይቅ። ባለሱቁን አጠገቡ ካለው ሐቀኛ ነጋዴ ጋር ያለ አግባብ ያወዳድረዋል፤ ሲደረስበትም የሚጠየቀው እርሱ ነው። የእኛ ነጋዴ የሚታወቀው በሚዛኑ ቀጥተኛነት መሆን አለበት፤ ይህም ከሚዛን የሚቆጠር ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን

ሒሳብ የሚከብዳቸው ልጆች የገዛ ቤታቸው ደረሰኝ ሲሰጣቸው ይነቃቃሉ። ከገበያ ስትመለሱ ደረሰኙን አትጣሉ። ልጃችሁን አስቀምጣችሁ «የትኞቹ ዕቃዎች ታክስ አለባቸው? ስንት በመቶ? ድምሩ ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በደረሰኞች ላይ ታክስ ያለባቸው ዕቃዎች አጠገብ ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ምልክት ትኖራለች፤ እርሷን ፈልጎ መለየት ለትንንሾቹ ጨዋታ ነው። ለታላላቆቹ ደግሞ የሁለት ከተማ መጠን ሰጥታችሁ አንዱን ዘንቢል በሁለቱም እንዲያሰሉ አድርጉ። ወጣቱ ይህን ከለመደ ነገ ደመወዝ ሲቀበል፣ ሱቅ ሲከፍት፣ ወይም ለእናቱ ወረቀት ሲያነብላት አይደናገርም።

የአገሩን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሳይበደል ይገዛል፣ ሳይበድልም ይሸጣል። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንንም ለአማና የታመነ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።